ስለ ራስ መመስከር፦ የግል መግለጫና የአጻጻፍ ልማዳችን

መስከረም ሲጠባ የሚከፈተው የትምህርት ቤት በር ብቻ አይደለም። የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎችና የነፃ ትምህርት ዕድል ሰጪዎች ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያመለክቱትን መቀበል የሚጀምሩት አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ወራት ገደማ ነው። በዚህ ጊዜ ትናንት ያስተማርናቸው፣ ዛሬ ግን ራሳቸው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩ ወጣት መምህራን አንድ ሁለት ገጽ ወረቀት ይዘው ይመጡና «መምህር፣ እስቲ ይህችን ይዩልኝ» ይሉናል። ወረቀቱ እነሱ «ፐርሰናል ስቴትመንት» የሚሉት ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ «የግል መግለጫ» እንለዋለን። አመልካቹ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሠራ፣ ምን ለመማር እንደሚፈልግና ለምን እንደሚፈልገው በራሱ አንደበት የሚገልጽበት ጽሑፍ ነው።

እነዚህን ወረቀቶች ዓመት በዓመት ስናነብ አንድ ነገር አሳሰበን። ጸሐፊዎቹ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አንዱ በቆላ ፊዚክስ ያስተምራል፤ ሌላዋ በደጋ ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ ሦስተኛው የአንድ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነው። ወረቀቶቻቸው ግን በአንድ እጅ የተጻፉ ይመስላሉ። ስሙን ሸፍነን ብናነብ የማን እንደሆነ መለየት ያዳግተናል። ስሙ ሲሸፈን ባለቤቱ የሚጠፋ መግለጫ ደግሞ የግል ሊባል አይችልም።

ጥፋቱ ምንድን ነው? ብዙ ሰው «የእንግሊዝኛ ችግር ነው» ብሎ ይደመድማል። እኛ በዚህ አንስማማም። የሰዋስው ስሕተት በአንድ ከሰዓት በኋላ ይታረማል። ችግሩ ከቋንቋው በፊት የሚገኝ ነው፤ ይኸውም ስለ ራስ የመጻፍ ልማዳችን ነው። ለዚህም ልማድ በመጀመሪያ ተጠያቂዎቹ እኛው መምህራን መሆናችንን ከዚህ ቀጥሎ ለማሳየት እንሞክራለን።

የተጠየቀውና የተመለሰው

የግል መግለጫ ከእኛ አገር የበቀለ የጽሑፍ ዓይነት አይደለም። በአገራችን ለድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚያመለክት ሰው በአመዛኙ የሚመዘነው በመጀመሪያ ዲግሪ ውጤቱና በመግቢያ ፈተና ነው፤ በቅርብ ዓመታትም አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና ተጀምሯል። በአሜሪካና በእንግሊዝ ግን ጽሑፉ ከውጤቱ እኩል ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ1946 በሴናተር ጄ. ዊሊያም ፉልብራይት አመንጪነት የተቋቋመው ፕሮግራም ከውጭ አገር አመልካቾች ሁለት የተለያዩ ጽሑፎች ይፈልጋል፤ አንደኛው የግል መግለጫ፣ ሁለተኛው የጥናት ዓላማ ነው። በካሊፎርኒያ የሚገኘው የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲም የድኅረ ምረቃ አመልካቾቹን እንዲሁ ሁለት ጽሑፍ ያስጽፋል። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1983 የጀመረውና ከ1994 ወዲህ «ቼቭኒንግ» የሚባለው ዕድል ደግሞ ጥያቄውን ከፋፍሎ ስለ አመራር፣ ከሰዎች ጋር ስለ መሥራት፣ ስለ ትምህርቱ ምርጫና ከትምህርቱ በኋላ ስላለው የሥራ ዕቅድ ለየብቻ ይጠይቃል።

ከእነዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። ጠያቂዎቹ በዚህ ወረቀት ላይ ውጤትን አይፈልጉም፤ ውጤቱ በሌላ ወረቀት ይደርሳቸዋል። የጠባይ ምስክር ወረቀትም አይፈልጉም፤ እሱንም የድጋፍ ደብዳቤ ጸሐፊዎች ይልኩላቸዋል። የሚፈልጉት ሌላ ሰው ሊጽፈው የማይችለውን ነው። ምን አየህ? ምን አደረግህ? ከዚያ ምን ገባህ? ምንስ ሳይገባህ ቀረ? እንግዲህ ቀጥሎ ምን መማር ያስፈልግሃል? በአጭሩ የተጠየቀው ይህ ነው። እኛ የምንመልሰው ግን ሌላ ነው። የምንመልሰው ከሦስት የታወቁ ቅርጾች ቀድተን ነው።

ሦስቱ ቅርጾች

የመጀመሪያው ቅርጽ ማመልከቻ ነው። «ከላይ በርእሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብሎ የሚጀምረውንና «በትሕትና እጠይቃለሁ» ብሎ የሚያበቃውን የማያውቅ የለም። ማመልከቻ ጸሐፊው ከታች ቆሞ ከላይ ያለውን ቢሮ የሚለምንበት ጽሑፍ ነው። ለቢሮ ጉዳይ ተገቢ ሊሆን ይችላል። በግል መግለጫ ውስጥ ሲገባ ግን አመልካቹ ስለ ሥራው ከመናገር ይልቅ ስለ ዩኒቨርሲቲው ታላቅነት ይናገራል። «ስመ ጥር በሆነው ዩኒቨርሲቲያችሁ» ይላል፤ «ዕድሉ ቢሰጠኝ ውለታውን አልረሳም» ይላል። አንባቢው ዩኒቨርሲቲው ስመ ጥር መሆኑን ያውቃል። የማያውቀው አመልካቹን ነው።

ሁለተኛው ቅርጽ በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ነው። ይህን ስንል ለመቀለድ አይደለም። በከተሞቻችን ሰው ሲቀበር ከአባቱና ከእናቱ ስም ተነሥቶ፣ የተወለደበትን ዘመንና ቦታ፣ የተማረበትን ትምህርት ቤት፣ የሠራበትን መሥሪያ ቤት በተራ የሚቆጥር ጽሑፍ ይነበባል፤ ማሳረጊያውም «ታታሪ፣ ሰው አክባሪና ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ» የሚል ነው። ጽሑፉ ለቦታው ያማረ ነው፤ የሚያዳምጡት ሟቹን ያውቁታልና። ነገር ግን ተማሪው ስለ ሰው ሕይወት በተራ ሲነገር የሚሰማው በዚሁ ብቻ ስለሆነ፣ ስለ ራሱ ጻፍ ሲባልም ሳያውቀው ይህንኑ ይከተላል። ከልደት ይነሣል፤ አንደኛ ደረጃን፣ ሁለተኛ ደረጃን፣ ኮሌጅን ይቆጥራል፤ በመጨረሻም ራሱን «ታታሪና ሰው አክባሪ ነኝ» ብሎ ይሸኛል። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው የራሱን የሕይወት ታሪክ አንብቦ የተቀበረ ያህል ነው።

ሦስተኛው ቅርጽ እኛው የምናስተምረው የክፍል ድርሰት ነው። «የትምህርት ጥቅም»፣ «የንጽሕና አስፈላጊነት»፣ «የደን ጥበቃ» የሚሉት ርእሶች ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋሉ። ተማሪው «ትምህርት ለአንድ አገር ዕድገት መሠረት ነው» ብሎ ከጀመረ በቂ ነው፤ ትክክል ይባላል፤ ነጥብም ያገኛል። ዓረፍተ ነገሩ ስሕተት የለበትም። ዳሩ ግን ማንም ሰው፣ የትም ቦታ፣ በማንኛውም ጊዜ ሊጽፈው የሚችል ስለሆነ የማንም አይደለም። በዚህ ላይ የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ከምርጫዎች መልስ በመምረጥ የሚሠራ በመሆኑ፣ አንድ ተማሪ አንዲት አንቀጽ ሳይጽፍ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ይችላል። በዚህ ሁኔታ አድጎ በ27 ዓመቱ «ስለ ራስህ ጻፍ» ቢባል ግራ ቢጋባ ምን ይገርማል?

አድራጊው የጠፋበት ዓረፍተ ነገር

ከቅርጾቹ ሌላ አንድ የቋንቋ ጠባይ መነሣት ይገባዋል። የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ያስለመደን አጻጻፍ አድራጊውን ይደብቃል። «በትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ እንዲቋቋም ተደርጓል» እንላለን። ማን አቋቋመው? «ለደካማ ተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት ተሰጥቷል» እንላለን። ማን ሰጠ? ስንት ቅዳሜ? ለስንት ተማሪ? ብዙ ጊዜ መልሱ «እኔ ነኝ» የሚል ነው፤ ነገር ግን ጸሐፊው «እኔ» ማለት አፍሮ በተደራጊ ግሥ ጀርባ ተሸሽጓል።

ይህ ዕፍረት ከመልካም ምንጭ የመጣ መሆኑን አንክድም። ራሱን የሚያወድስ ሰው በእኛ ዘንድ አይከበርም። እኛም ይህን ጽሑፍ በመጽሔት ልማድ «እኛ» እያልን እንጽፋለን፤ ለመጽሔት ደግ ነው። በግል መግለጫ ላይ ግን «እኛ» ሲበዛ አንባቢው ስንት ሰው እንዳመለከተ ይጠራጠራል። ከዚህም በላይ አደራጊው የተደበቀበት ዓረፍተ ነገር ትሑት ይምሰል እንጂ እውነተኛ አይደለም። ሥራውን የሠራው ሰው እያለ ሥራው በራሱ የተሠራ አስመስሎ ያቀርባልና።

የአንዲት መምህርት ወረቀት

ነገሩን ይበልጥ የሚያስረዳው አንድ ምሳሌ ነው። በገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የምታስተምር አንዲት የቀድሞ ተማሪያችን ወረቀቷን ይዛ መጣች። ለአንባቢ እንዲመች ወደ አማርኛ መልሰን መግቢያውን እናቅርበው። «ከልጅነቴ ጀምሮ ለሳይንስ ልዩ ፍቅር ነበረኝ። ሳይንስ ለአንድ አገር ዕድገት ቁልፍ እንደመሆኑ መጠን ይህን ሙያ መርጫለሁ። ታታሪና ኃላፊነት የሚሰማኝ መምህርት ስሆን፣ ዕድሉ ቢሰጠኝ ወገኔን ለማገልገል ቆርጬ ተነሥቻለሁ።» የቀረውም በዚሁ መንገድ የተጻፈ ነበር።

ያን ጊዜ እኛ ምን አደረግን? ሰዋስውን አረምን፤ «ታታሪ» የሚለውን በሌላ ከፍ ባለ ቃል ለወጥን፤ «ጥሩ ነው፣ ላኪው» አልናት። ላከችው፤ አልተቀበሏትም። ያልተቀበሏት በወረቀቱ ብቻ ነው ለማለት አንደፍርም፤ ብዙ ሰው ለጥቂት ቦታ ይወዳደራልና። ነገር ግን ወረቀቱ እንዳልረዳት እርግጠኞች ነን፤ ያንን ወረቀት «ጥሩ ነው» ያልነውም እኛ ነን።

በዓመቱ እንደገና መጣች። በዚህ ጊዜ ወረቀቱን ወደ ጎን አድርገን ስለ ሥራዋ እንድታጫውተን ለመንናት። እንዲህ አለችን። በትምህርት ቤቷ አንድ ማይክሮስኮፕ አለ። መብራት ስለማይታመን በመስታወቱ የፀሐይ ብርሃን እየያዘች ትሠራበታለች፤ ስለዚህ መስኮት ዳር ታስቀምጠዋለች፤ ደመና ሲሆን ትምህርቱ ይቋረጣል። በክፍሉ 74 ተማሪዎች አሉ። ለያንዳንዱ ግማሽ ደቂቃ ብትሰጥ 37 ደቂቃ ይሆናል፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። የሽንኩርት ልጣጭ ከሥሥ ሽፋኑ ገፍፋ፣ ከጤና ጣቢያ በለመነችው አዮዲን ቀብታ ሕዋሱን ታሳያቸዋለች። ከዚያም ያዩትን እንዲሥሉ ታዛቸዋለች።

ሥዕሎቹን ሰብስባ ስታይ ግን ደነገጠች። ብዙዎቹ ተማሪዎች በሕዋሱ ውስጥ አረንጓዴውን ክሎሮፕላስት ሥለዋል። በሽንኩርት ራስ ልጣጭ ውስጥ ደግሞ ክሎሮፕላስት የለም። የሣሉት ያዩትን አይደለም፤ የመማሪያ መጽሐፉን ሥዕል ነው። ዓይናቸው ሌንሱ ላይ ነበር፤ እጃቸው ግን መጽሐፉን ይገለብጥ ነበር። በተከታዩ ዓመት መጽሐፉን አስዘግታ፣ ከማሳየቷ በፊት አንዳች ሥዕል ሳታቀርብ ሞከረችው። ክሎሮፕላስት የሣሉት ጥቂት ሆኑ። ነገር ግን ሌላ ነገር መጣ፤ አንዳንዶቹ የአየር አረፋውን ሕዋስ ብለው ሣሉት። «እንግዲህ ልጅ ማየትን ራሱ እንዴት ነው የሚማረው? ይህን ነው ማወቅ የምፈልገው» አለችን።

«ታዲያ ይህን ለምን አልጻፍሽውም?» ብለን ጠየቅናት።

«መምህር፣ ይህ እኮ የዘወትር ሥራዬ ነው፤ ምኑ ይጻፋል?» አለች።

መልሷ የነገሩን ሁሉ ሥር ይዟል። አመልካቾቻችን የሚጻፍ ነገር አጥተው አይደለም። የሚጻፈውን ነገር ሊጻፍ የሚገባው አድርገው አለመቁጠራቸው ነው። ለሳይንስ ልዩ ፍቅር አለኝ የሚለው ዓረፍተ ነገር ለወረቀት የሚገባ ክብር ያለው መሰላቸው፤ የሽንኩርቱ ልጣጭ ግን የማድ ቤት ወሬ መሰላቸው። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ለሳይንስ ፍቅር እንዳላት በአንድም ቃል ሳትናገር፣ ስለ ልጣጩና ስለ ሥዕሎቹ ብቻ ብትጽፍ አንባቢው ፍቅሯን በራሱ ያገኘዋል። ከዚያም አልፎ በምን ጉዳይ ላይ ለማጥናት እንደምትፈልግ፣ ጥያቄው ከየት እንደመጣላትና ለምን ከእሷ ሌላ ሰው ሊጠይቀው እንዳልቻለ ይገባዋል። የግል መግለጫውና የጥናት ዓላማው ሳይጋጩ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ።

ተማሪዎቿ የመጽሐፉን ሥዕል እንደ ገለበጡ፣ እሷም የሌላ ሰው መግለጫ ገልብጣ ነበር። እኛም አራሚዎቹ ክሎሮፕላስቱን አሳምረን ቀባንላት እንጂ «ይህ በሽንኩርት ውስጥ የለም» አላልናትም።

ሁለተኛውን ወረቀት «በማስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ ማይክሮስኮፕ አለ» ብላ ጀመረችው። እንግሊዝኛው ከመጀመሪያው ቀለል ያለ ነበር፤ ስሕተትም አልጠፋበትም። የላከችላቸው ሰዎች ለቃለ መጠይቅ ጠሯት። የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ስለ ሽንኩርቱ ልጣጭ ነበር። የመጨረሻው ውሳኔ ይህ ጽሑፍ እስኪጻፍ ድረስ አልደረሳትም።

ችግርን ለገበያ ማቅረብ

የአመልካቾችን ጥፋት ብቻ ቆጥረን የጽሑፉን ዓይነት ራሱን ሳንተች ብናልፍ ሚዛናችን ይጓደላል። የግል መግለጫ የራሱ እንከን አለው።

አንደኛው እንከን ታሪኩ ነው። የአሜሪካ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚያመለክቱትን ስለ ጠባያቸውና ስለ ሰብእናቸው በሰፊው መጠየቅ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሲሆን፣ አንዱ ምክንያት በፈተና ውጤት ብቻ ቢመረጡ ብዙ ቦታ የሚይዙትን የአይሁድ ተማሪዎች ቁጥር ለመቀነስ ነበር። ይህን ጀሮም ካራቤል የተባሉት የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ስለ ሀርቫርድ፣ ስለ ዬልና ስለ ፕሪንስተን እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ በሰፊው አትተውታል። እንግዲህ ስለ ራስ መጠየቅ ሁልጊዜ በር ለመክፈት የታሰበ አልነበረም።

ሁለተኛው እንከን የሚያግዝ ሰው ያለውንና የሌለውን አለመለየቱ ነው። የተማሩ ወላጆች ያሉት አመልካች ወረቀቱን አምስት ሰው ያነብለታል፤ የገጠሩ መምህር ግን ወረቀቱን የሚያሳየው ሰው አያገኝም። በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያ ዲግሪ ማመልከቻዎችን የሚያስተባብረው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2026 ለሚገቡ ተማሪዎች አንዱን ረጅም የግል መግለጫ በሦስት ጥያቄዎች እንዲተካ ያደረገውም፣ አጋዥ የሌላቸው ተማሪዎች ምን እንደሚጠየቁ በግልጽ እንዲያውቁ በማሰብ ጭምር ነው።

ሦስተኛውና እኛን በቅርብ የሚነካን እንከን መከራን ለገበያ ማቅረብ ነው። የውጭ አገር አንባቢ ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጣ ሰው የረኀብ፣ የጦርነትና የስደት ታሪክ ይዞ እንዲመጣ ይጠብቃል የሚል ወሬ በአመልካቾች መካከል ተሰራጭቷል። ከዚህ የተነሣ በጠና ያልተቸገረው ችግር ይፈጥራል፤ በእውነት የተቸገረውም ችግሩን ያጋንናል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቆየው የሰሜኑ ጦርነት ቤተ ሰባቸውን ያጡ፣ ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ብዙ ወጣቶች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ወረቀቱን ሲያሳየን «መምህር፣ የወንድሜን ሞት ልጻፈው ወይስ ልተወው?» ብሎ ጠየቀን። ምን ብለን እንመልስለት?

ከብዙ ሐሳብ በኋላ የመለስንለት እንዲህ ነው። ሐዘንህ የአንተ ነው፤ ለማንም የመግቢያ ክፍያ እንድትከፍልበት አትገደድም። ነገር ግን ያ ሐዘን ያስጀመረህ ሥራ ካለ፣ ያስለወጠህ ሐሳብ ካለ፣ ሥራውን ለማስረዳት የሚያስፈልገውን ያህል ጻፍ። ሥራውን ትተህ ሐዘኑን ብቻ ከጻፍህ አንባቢው ያዝንልሃል እንጂ አያውቅህም። ወጣቱ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ቆይቶ ባመጣው ወረቀት ላይ ስለ ወንድሙ ያለው አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ የቀረው ትምህርት ቤት ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ለሠፈሩ ልጆች በአንድ ግቢ ውስጥ ሒሳብ ስላስተማረበት ነበር።

በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ «እኔ»

በየፍርድ ቤቱና በየማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች እንዳሉ ይታወቃል። ሙያቸው የተከበረ ነው፤ መጻፍ ላልቻለ ሰው አንደበት ይሆናሉ። ዛሬ ግን ይኸው አሠራር ወደ ግል መግለጫ ተሻግሯል። በክፍያ የሚጽፉ አሉ፤ ተመሳሳይ ወረቀት ስሙን እየለወጡ ለብዙ ሰው የሚሸጡም አሉ። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2022 ወዲህ ደግሞ ቻት ጂፒቲና እሱን የመሳሰሉት በኮምፒዩተርና በስልክ ለማንም ስለ ደረሱ፣ አንድ ሰው በደቂቃ ውስጥ ሰዋስው የጠራ መግለጫ ማስጻፍ ይችላል።

መሣሪያውን በደፈናው አንኮንንም፤ ስሕተትን ለማረም ሊጠቅም ይችላል። ይሁን እንጂ ስለ ሽንኩርቱ ልጣጭ ያልነገርነው መሣሪያ ስለ ልጣጩ ሊጽፍ አይችልም። የሚሰጠን ያንኑ የክፍል ድርሰት ነው፤ «ሳይንስ ለአንድ አገር ዕድገት ቁልፍ ነው» የሚለውን፣ ከእኛ አሳምሮ። እንግዲህ ሁሉም ሰው ያለ ስሕተት መጻፍ በሚችልበት በዚህ ዘመን አንድን ወረቀት ከሌላው የሚለየው ሰዋስው መሆኑ ቀርቷል። የሚለየው ሌላ ሰው የማያውቀው እውነት ነው።

ከፉከራ የምንማረው

አንዳንድ ሰው «ስለ ራስ መናገር የፈረንጅ ልማድ ነው፤ የእኛ ባህል ትሕትና ነው» ሲል ይሰማል። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ተረስቷል። ፉከራ የማን ነው? ጀግናው በግብር አዳራሽ ወይም በአደባባይ ብድግ ብሎ «ዘራፍ!» ሲል ስለ ማን ይናገር ነበር? ስለ ራሱ ነው። የዋለበትን ቦታ፣ የገጠመውን ባላጋራ፣ የሠራውን ሥራ በስም እየጠራ ይናገር ነበር። ያን ጊዜ ማንም «ይህ ሰው ትሕትና ይጎድለዋል» አላለውም።

ለምን? የሚፎክረው ውሎውን በሚያውቁ ሰዎች ፊት ስለሆነ ነው። አብረውት የዋሉት እዚያው ተቀምጠዋል። ያልሠራውን ቢጨምር ያፍራል፤ የሠራውን ቢናገር ግን እነሱ ራሳቸው ያጅቡታል። የፉከራው ክብር ከቃሉ መድመቅ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ምስክር ካለው ሥራ የመጣ ነው። ደግሞም ፎካሪው «እኔ ጀግና ነኝ፣ ታታሪ ነኝ፣ ኃላፊነት ይሰማኛል» አይልም። ቦታውንና ሥራውን ይናገራል፤ «ጀግና» የሚለውን ቃል የሚጨምረው አድማጩ ነው።

የግል መግለጫንም በዚህ ዓይን ብናየው ዕፍረቱም ጉራውም የሚቀል ይመስለናል። ራስን ማወደስ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ሠሩት ሥራ መመስከር ሌላ ነገር ነው። ውዳሴ በቅጽል ይሠራል፤ ምስክርነት ግን በግሥ፣ በቦታ ስም፣ በቁጥርና በቀን ይሠራል። ምስክር ሰው ያላየውን አይጨምርም፤ ያየውን ደግሞ አፍሮ አይደብቅም።

በክፍላችን ምን እናድርግ?

የግል መግለጫ አጻጻፍ በ27 ዓመት የሚጀመር ትምህርት አይደለም። በ9ኛና በ10ኛ ክፍል፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ክፍለ ጊዜ መጀመር ይችላል። እኛ ከሠልጣኞቻችን ጋር የሞከርናቸውን ሦስት ቀላል መልመጃዎች ለባልደረቦቻችን እናካፍላለን።

አንደኛ፣ ተማሪው ባለፈው ሳምንት የሠራውን አንድ ሥራ በ10 ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ራሱን የሚያወድስ አንድም ቅጽል አያግባ። ውኃ መቅዳትም፣ ከብት መጠበቅም፣ ለታናሽ እኅት ሒሳብ ማስረዳትም ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን «ይህን ማን ሊመሰክር ይችላል?» ብሎ የሰውዬውን ስም ይጻፍ። ምስክር ያልተገኘለት ዓረፍተ ነገር ወይ ይሰረዝ፣ ወይ ምስክር ወደሚገኝለት ሥራ ይለወጥ። «ታታሪ ነኝ» ለሚለው ምስክር ለማቅረብ ሲሞክር ተማሪው ሳያስበው ወደ ሥራው ይመለሳል።

ሦስተኛ፣ ስሞቹ ተሸፍነው ወረቀቶቹ በክፍል ይነበቡ። ተማሪዎቹ የማን እንደሆነ ካወቁ ጽሑፉ የግል ሆኗል ማለት ነው፤ ካላወቁ እንደገና ይጻፍ።

ይህ መልመጃ ለእኛም ይሠራል። የድጋፍ ደብዳቤ ስንጽፍ «ታታሪ፣ ታማኝና መልካም ጠባይ ያለው» ብለን በአንድ መስመር የምንገላገለው ስንቱን ነው? ምስክር እንድንሆን የተጠራነው እኛ ነን፤ ያየነውን ካልተናገርን ማን ይናገርልን ይሆን? አንድ ተማሪ ለአራት ዓመት በፊታችን ተቀምጦ ከርሞ፣ ስለሱ አንድ ቀን እንኳ ለይተን መጥቀስ ካቃተን ጉድለቱ የተማሪው አይደለም።

ለማጠቃለል ያህል፣ የግል መግለጫ ፍትሐዊ መመዘኛ ነው ብለን አንሟገትም። እንከኑን ከላይ ዘርዝረናል። በሩ ግን በዚያ በኩል ነው፤ ተማሪዎቻችንም ወደዚያ በር እየሄዱ ነው። በሩ ጋር ሲደርሱ የሌላ ሰው ቃል ይዘው እንዳይቆሙ ማድረግ የምንችለው እኛ ነን፤ ማድረግ የምንችለውም በሩ ጋር ሳይሆን እዚህ፣ በዚህ ዓመት፣ በክፍላችን ውስጥ ነው። የዘንድሮውን የመጀመሪያ የድርሰት ርእስ «የትምህርት ጥቅም» ብለን ከመስጠታችን በፊት ይህን አንድ ጊዜ እናስበው።